ስድስት መቶ ጆንያ

ጥር 14 ቀን 2017፣ መርሳ

ይህን ደብተር ዛሬ ገዛሁት። ሻጯ ልጅ «ለልጅ ልጅዎ ነው አባ?» ስትለኝ «አዎ» አልኳት። ለማን እንደሆነ ምን አገባት።

መጻፍ እችላለሁ። በመሠረተ ትምህርት ዘመን ከሰባ ሰው ሦስተኛ ወጥቼ ካድሬው በሰው ፊት አስጨብጭቦልኛል። እጄ ዘገምተኛ ሆነ እንጂ። ልጄ ነኢማ «ለሁሉ ነገር ማስረጃ ያስፈልጋል አባ» ትላለች። እንግዲያው ይኸው ማስረጃ። ማታ ከሰላት በኋላ፣ ቤቱ ሲያርፍ ትንሽ ትንሽ እጽፋለሁ።

ትናንት የቀረጥ ተመላሽ ማመልከቻ ፈረምኩ። ነገሩ እንዲህ ነው። ማሾ ወደ ውጭ የምንልክበትን ጆንያ ከባሕር ማዶ አስመጣን፤ አራት ሺሕ አምስት መቶ። ሰው ማዳበሪያ ይለዋል፤ እኔ ጆንያ ነው የምለው። ነጭ ነው። ደረቱ ላይ አንዲት አረንጓዴ የማሾ ፍሬ ተሥላበታለች፣ ከሥሯ በፈረንጅ ፊደል «መርሳ» ይላል። ሲገባ ቀረጥ ተከፍሎበታል። ማሾ ተሸክሞ ተመልሶ ከአገር ሲወጣ ግን መንግሥት የከፈልነውን ይመልስልናል። እኔ የመንግሥት እጅ ሲቀበል እንጂ ሲመልስ አላየሁም ነበርና አላመንኩም። ከሕጉ ውስጥ ፈልፍላ ያወጣችው ነኢማ ናት።

ፈቃዱ በእሷ ስም ነው። እኔ የመጋዘን ኃላፊ ነኝ፤ ቁልፉ ከአንገቴ አይወርድም። ሦስት ሺሕ ዘጠኝ መቶው ጆንያ ሄዷል። «የቀረው ስድስት መቶ አለ አባ?» አለችኝ። «አለ» አልኳት። «አንብበህ ፈርም» ብላ ሰጠችኝ። አነበብኩና ፈረምኩ። መነጽሬን ቤት ረስቼው ነበር፤ ቢሆንም ዋና ዋናው ገብቶኛል።

አልሐምዱሊላህ። እናቷ ሁሪያ ከሞተች ወዲህ፣ የባንክ ሥራዋን ወልድያ ጥላ መጥታ ከእኔ ጋር አቧራ የምትውጥ ልጅ የሰጠኝ ጌታ ይመስገን።

ጥር 22

ሁለት ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ነገሩ ስድስት መቶው ጆንያ ነው። መጋዘን ውስጥ የለም። ሰው ጋ ነው።

እዚህ አገር ማሾ ሊለቀም ሲል ነጋዴ በየመንደሩ ዞሮ ባዶ ጆንያ ይሰጣል። አባቴም ይሰጥ ነበር። ጆንያ ቃል ነው። የተቀበለ ገበሬ ሌላ ነጋዴ ቀና ብሎ አያይም፤ የሰጠ ነጋዴም ዋጋ ወደቀ ብሎ አይሸሽም። ወረቀት የለ፣ ፊርማ የለ። ማሾው ሲመጣ እንገለብጠዋለን፣ ይበጠራል፣ ጆንያውም ለከርሞ ቃሉ እንዲጸና ተመልሶ ለባለቤቱ ይሰጣል።

አሮጌዎቹ ጆንያዎቼ በጦርነቱ ጊዜ ከመጋዘኑ በር ጋር አብረው ሄዱ። በመኸር ነኢማ የመላኪያውን ጉዳይ ይዛ አዲስ አበባ ወር ሙሉ ስትቀመጥ፣ እኔ ባዶ እጄን ወደ ማሾ አገር፣ ወደ ግራና ልውረድ? ከአዲሱ ሰጠሁ። ደግሞ ደስ ብሎኝ ነው የሰጠሁት፤ ሰዉ ሥዕሏን እየዳሰሰ «አያ አብዱልሐሊም ዘንድሮ ሙሽራ ጆንያ ይዘው መጡ» ሲለኝ።

ለነኢማ እነግራታለሁ። ኢንሻአላህ፣ ቀን ሲመቸኝ።

የካቲት 4

ከጉምሩክ ሰው መጣ። ሞገስ ይባላል። ለግላጋ፣ ጨዋ፣ ጫማውን ደጅ አራግፎ የገባ። መጋዘኑን በዓይኑ ዞረና፣

«አባቴ፣ የቀረው ስድስት መቶ ባዶ ጆንያ የታለ?» አለኝ።

«ሰው ጋ ነው።»

«ሰው ጋ ማለት?»

«አደራ ማለት ነዋ።»

በላይ ሚዛኑ ላይ እንደተደገፈ ሳቀ። በላይ የመጋዘኑ መዛኝ ነው፤ አርባ ዓመት አብረን ሠርተናል፤ የሚስቅበትን ጊዜ ግን አያውቅም።

«ወረቀቱ የሚለው በመጋዘን አለ ነው» አለ ሞገስ። «ፊርማው የእርስዎ ነው?»

«የእኔ ነው። እኔ በጣት አልፈርምም።»

«አባቴ፣ ይህን ጆንያ ሐራ ገበያ ላይ ሽንኩርት ተሞልቶበት በዓይኔ አይቻለሁ። ይወጣል ተብሎ የገባ ዕቃ እዚሁ ተሸጦ ከሆነ፣ ነገሩ የተመላሽ ብቻ አይሆንም።»

ነኢማ ወደ እኔ ዞራ አየችኝ። ያን ፊት እናቷ ላይ አውቀዋለሁ። ሰውየው ሲሄድ «አባ፣ የት ናቸው?» አለችኝ። ነገርኳት። ያለ ድምፅ አለቀሰች። «ይስተካከላል» አልኳት።

የካቲት 5

ቁርስ አልበላችም።

የካቲት 11

ደብዳቤ መጣ። መልእክተኛው መዝገብ አስፈረመኝ፤ ፈረምኩ። ክብ ማኅተም አለው። የነኢማን ስም አይቻለሁ፣ «ማሳሰቢያ» የሚልም አይቻለሁ። የቀረው ደቃቅ ነው፤ ከደመና በታች ያለ ብርሃን ደግሞ ለማንበብ አይሆንም። ነገ በደህና ፀሐይ አየዋለሁ።

የካቲት 12

ደመና ነው።

የካቲት 13

ሥራ በዛብኝ። ደብዳቤው ኪሴ ውስጥ ነው። ሦስት መስመር ጨርሻለሁ። የሕግ ሰዎች አንድ ዓረፍተ ነገር እስኪቋጩ ሰው ያረጃል።

የካቲት 15

ዛሬ ለነኢማ ሰጠኋት። «መጣ» አልኳት። መጥቷልና ውሸት አይደለም።

ቆማ አነበበችው፤ ከዚያ ተቀመጠች። እንዲህ ይላል፦ ደብዳቤው በደረሰ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ስድስት መቶው ጆንያ ያለበት በቆጠራ ካልታየ፣ ተመላሹ ይቆማል፤ ሐሰተኛ መግለጫ በማቅረብም በሕግ የምትጠየቀው ባለፈቃዷ ነኢማ አብዱልሐሊም ናት።

«እኔ ነኝ የፈረምኩት» አልኩ።

«አንተ ሠራተኛዬ ነህ አባ። በወረቀት።»

ሠራተኛዋ! ስቄ ላሳልፈው ነበር፤ አፌ አልታዘዘኝም።

«ሂድና ሰብስባቸው» አለችኝ። «በቃ። እየዞርክ ተቀበላቸው።»

ጆንያ የሰጠ እጅ ጆንያ አይለምንም። ሰጥቶ መንሳት ማለት እኮ ቃሌን ከቤትህ አውጣልኝ ማለት ነው። በአባቴም ዘመን አልተደረገ።

የካቲት 16

ለበላይ ሁሉንም ነገርኩት። ከዐስር ሰላት በፊት በሚዛኑ ጥግ ተቀምጠን ነበር።

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?» አለኝ። «ባጃጅ ያዝና ውረድ!»

«አንተ ለማኝ ልታደርገኝ ነው?»

«አብዱ፣ አንተኮ ከአህያ የምትለየው አህያ ሲደክማት መተኛቷ ነው።»

ተቆጣሁ። ድሮ ሽማግሌዎች የሚሉት አፌ ላይ መጣ፤ «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ!» አልኩት፤ ጮክ ብዬ።

በላይ ከኋላዬ ወደ በሩ አየ። ነኢማ የሒሳብ ማኅደሯን እንዳቀፈች ቆማለች።

«አባ፣ የወለድከው እኔን ብቻ ነው» አለች።

ማታ ራቴን አቅርባልኛለች። ጨው አልረሳችም፣ ውሃዬንም አልረሳች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

የካቲት 17

ወደ ግራና ወረድኩ።

መጀመሪያ መሪማ ቤት ሄድኩ። ባሏን በጦርነቱ ያጣች ሴት ናት፤ ማሾዋ ግን ከወንዶቹ ሁሉ የጠራ ነው። ጆንያዬ መስኮቷ ላይ ተወጥሯል፤ መስተዋቱ ያኔ እንደረገፈ ነው። ሁለተኛው የሕፃን ፍራሽ ሆኗል፣ ገለባ ተሞልቶ። ሦስተኛው ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰጥቷል።

«እንኳን ደህና መጡ አያ! ምነው በባዶ ሜዳ፣ ማሾ በሌለበት ወቅት?»

«ጆንያዎቹን…» አልኩና ቆምኩ።

ፊቷ ዐመድ መሰለ። «ምን አጠፋሁ? ሰው ምን ነገረዎ? ወላሂ ለሌላ አንድ ጣሳ አልሸጥኩም!» ብላ ከገመዱ ላይ ያለውን አውርዳ አጥፋ በሁለት እጇ አቀረበችልኝ።

«ጆንያዎቹን አይጥ እንዳይበላብሽ ልልሽ ነው» አልኳት።

ከመርሳ ግራና ድረስ የአይጥ ምክር ልሰጥ የወረድኩ ሽማግሌ። እርጎ ሰጠችኝ፤ ጠጣሁ። የሰጠችኝን አላህ ይተካላት።

ሌሎቹም ጋ እንዲሁ ሆነ። አንዱ የአህያ መደላድል አድርጎታል፣ አንዱ ለዝናብ ገሳ ሰፍቶበታል። መስጊዱ አጠገብ ደግሞ ዳስ ተጥሎ አየሁ፤ ቅሬው፣ ማለትም ሰው ሲሞት አብሮ የሚቀብረው ማኅበራቸው፣ የለቅሶ ድንኳን የለውምና ጆንያዎቼን ከየቤቱ አዋጥተው ሰፍተዋቸዋል። ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ የማሾ ፍሬ። የሙታን ጥላ ሆኖልኛል። ከዚያ ላይ ምን እላለሁ?

ባዶ እጄን ተመለስኩ።

የካቲት 19

ወሬው ከእኔ ቀድሞ መርሳ ገባ። መሪማ አልተናገረችም፤ ያዩኝ ተናገሩ። «አብዱልሐሊም ጆንያውን ሊለቅም ነው፤ መጋዘኑ ሊዘጋ ነው።» ዛሬ አንድ ወጣት ነጋዴ በሚዛናችን በኩል ሲያልፍ ለጓደኛው «ሽማግሌው ተበልቷል፣ ልጁንም ሊያስበላ ነው» ሲል በጆሮዬ ሰማሁ።

ስለ እኔ ያለው ምንም አይደለም።

ነኢማ ስልክ ላይ ለሆነ ሰው «የለም፣ ጠበቃ የማቆምበት የለኝም» ስትል ሰማሁ።

ያረቢ፣ በእኔ ግትርነት እሷን አትቅጣ። ሰባት ቀን ቀርቷል። በመጣ ዕለት ብሰጣት ኖሮ… አላውቅም። ደብዳቤው ኪሴ ውስጥ አራት ቀን አደረ። ይኸው ጻፍኩት።

የካቲት 21፣ ጁምዓ

ጁምዓን ግራና ሰገድኩ። ከሰላት በኋላ ቅሬው በዚያው ዳስ ሥር ተሰበሰበ፤ ነገ ረመዳን ሊገባ ስለሆነ የሚነጋገሩት ነበራቸው። የቅሬው ዳኛ ሙባረክ ነው፤ ከእኔ በአሥር ዓመት ያንሳል። «አያ አብዱልሐሊም የሚለው አለው» ብሎ አስነሣኝ። እኔ ምንም አልጠየቅኩትም። አንድ ሰው ቀድሞ ነግሮታል፤ በላይ ነው፤ ማን ይሆናል ሌላ።

ተነሥቼ ተናገርኩ። ያልኩትን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም። ጆንያው በቀረጥ የገባ መሆኑን፣ ካልታየ ልጄ በሕግ የምትያዝ መሆኑን ነገርኳቸው። «ቃሌን ልወስድ አልመጣሁም» አልኩ። «ታዲያ በመጋዘን አለ ብለው ለምን ፈረሙ?» አለ አንድ ጎልማሳ። መነጽሬን ረስቼ እንደነበር ነገርኩት።

ከሴቶቹ ወገን መሪማ ተነሣች።

«አያ፣ ሁሪያ አላህ ይርሐማትና፣ ወረቀትዎን ሁሉ ታነብልዎ የነበረችው እሷ መሆኗን ያላወቀ ማን አለ? ገበያ ላይ እንኳ ቀድማ አይታ በክርንዋ ነካ ስታደርግዎ ነበር "ይሁን" የሚሉት። የደበቁን የመሰለዎ እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ሳቁ። ሙባረክም ሳቀ። እኔ ልቆጣ ፈልጌ ቁጣው አልመጣልኝም። ሠላሳ ስምንት ዓመት የደበቅኩት ምሥጢር የሰው ሁሉ ነበር፤ አንድም ሰው ግን አንድም ቀን በእሱ አላዋረደኝም። እንዲህ ያለ ሕዝብ መሐል ያኖረኝን አላህን በምን ቃል ላመስግነው?

ሙባረክ አሳረገው፦ «ጆንያ አይለቀምም። ቃል ነው። ግን ሰውየው ልቁጠር ካለ ይቁጠር፤ ረቡዕ ከነጆንያችን መርሳ እንወጣለን።»

«ዳሱስ?»

«ዳሱም ይወጣል።»

«ሰው ቢሞትስ?»

«ረቡዕ ማንም አይሞትም» አለ ሙባረክ። «ተከልክሏል።»

የካቲት 23

ረመዳን ሁለተኛ ቀን። ነኢማ ለሞገስ ደውላ ነገረችው። «አሥራ አምስተኛው ቀን ረቡዕ ነው፤ እመጣለሁ» አላት። እሷ አሥራ አምስተኛው ገና እሑድ ነው ብላ ቆጥራ ነበርና ግንባሯን ቋጠረች። እኔ ለሰላት ውዱእ ላደርግ ወጣሁ።

የካቲት 26፣ ረቡዕ

መጡ።

ከሦስት ሰዓት ጀምሮ በግራና መንገድ ነጭ ነገር ይንጠባጠብ ጀመር። በአህያ፣ በባጃጅ፣ በእግር። ገሳውን የለበሰው እንደለበሰ፣ ፍራሹን የተሸከመ ገለባውን እያፈሰሰ። መሪማ የመስኮቷን ከነምስማሩ ነቅላ መጣች። «ቤትሽ ሊነፍስበት ነው» አልኳት። «ለአንድ ቀን እኔም ውጭውን ልይ» አለች። ዳሱን ስድስት ሰው ተሸክሞ ሲገባ፣ የመርሳ ሰው ቀብር መስሎት እየተነሣ ቆመ።

ሞገስ ወረቀቱን እንደያዘ አፉን ከፍቶ ቀረ።

«ይህን እንዴት ነው የምቆጥረው?»

«በፍሬዋ!» አለ በላይ። «አንድ ሥዕል፣ አንድ ጆንያ። እኛ አገር ማሾ መቁጠር ነው ያልሞከርነው።» ጠመኔ ይዞ ዳሱ ላይ ወጣና በእያንዳንዷ ላይ እየጫረ ሰማንያ ስምንት ቆጠረ። ሞገስ አላመነውም፤ ጫማውን አውልቆ ራሱ ወጣ። ሰማንያ ስምንት።

ፀሐዩ ከባድ ነበር። እኛ በረመዳን ነን፤ እነ ሞገስና በላይ በዐቢይ ጾም። በላይ ምላሱን አውጥቶ «ዛሬ መርሳ ላይ ውሃ የሚጠጣ አህያ ብቻ ነው!» አለ። ሰዉ ሳቀ፤ ሞገስም ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሱ ታየ።

ከሐራ በኩል አንድ ሽንኩርት ነጋዴ ተነሣ። አራት ጆንያ ተቀብሎኝ የነበረ ማሾ ገበሬም ነው። «ጌታዬ፣ ሐራ ገበያ ያዩት የእኔን ነው። የሸጥኩት ሽንኩርቱን እንጂ ጆንያውን አይደለም። ገዢው ጆንያውን ካልጨመርክ ሲለኝ በነጠላው አሸክሜ ነው የሰደድኩት!» አራቱንም ዘርግቶ አሳየ። ሽታው ምስክር ሆነው።

ዐስር ሲደርስ ቆጠራው አለቀ። አምስት መቶ ሰባ አራት። ሃያ ስድስቱ ጠፍተዋል፤ ተቀድደው፣ ተቃጥለው፣ አንዱ ከሟች ጋር ተቀብሮ። ሙባረክ በስማቸው እየጠራ የጎደለበትን ሰው ሁሉ አስነሣ፤ ሞገስ ሁሉንም ጻፈ።

ሞገስ ለሰዉ እንዲህ አለ፦ «እነዚህ ከአገር ስላልወጡ የእነሱ ቀረጥ አይመለስም። ስለ ጎደሉትም መጠየቅ አይቀርም። የልጅቱን ጉዳይ የሚወስኑት አለቆቼ ናቸው፤ እኔ ያየሁትን እጽፋለሁ። ያየሁት ግን…» ብሎ ወደ ዳሱ አየና ተወው።

ቃለ ጉባኤውን ነኢማ አንብባ ራሷን ስትነቀንቅ ፈረምኩ።

ሊሄድ ሲል እንደ ዋዛ ለነኢማ «እንዲያው ደብዳቤው በአሥራ አንድ እንደደረሳችሁ ብትነግሩኝ፣ ይህን ሁሉ ሰው በጾም አፉ ባላንገላታችሁ ነበር» አላት።

ነኢማ ወደ እኔ ዞረች። ሰዉ ሁሉ ጆንያውን እያነሣ ነበር።

የካቲት 27

ጠየቀችኝ፤ አልዋሸሁም። «አራት ቀን ኪሴ ውስጥ ነበር» አልኳት።

«ለምን?»

«ላነበው።»

«የእኔ ስም ነው እኮ የተጻፈበት አባ! ከጎንህ ነው የምተኛው፤ ግድግዳ ብቻ ነው የሚለየን። ነኢማ ብለህ ብትጠራኝ ምን ትሆን ነበር?»

መነጽሬን አውልቄ ጠረግኩ።

«ግራና ወርደህ ለሦስት መቶ ሰው ነገርክ» አለች። «ለእኔ ግን አልነገርክም።»

ዛሬ ጠዋት ወልድያ ወደ አክስቷ ናጅዋ ቤት ሄደች። ሥራውን ከዚያ በስልክ እሠራለሁ አለች። ሌሊት ለሱሑር የምበላውን ለሁለት ቀን ሠርታ ትታልኛለች። ተቆጥታም የምታበላ ልጅ ናት።

መጋቢት 3

ብቻዬን አፈጠርኩ። ተምርና ውሃ። አልሐምዱሊላህ።

መጋቢት 5

በላይ የራሱን ሽሮ ይዞልኝ መጣ፤ እሱም የሚበላው ያንኑ ነው። «ደውልላት» አለኝ። «ምን ብዬ?» «እንዴት ዋልሽ ብለህ ነዋ፤ ይህም በፈረንጅ ፊደል ነው?»

ደወልኩ። «እንዴት ዋልሽ» አልኳት። «አልሐምዱሊላህ» አለች። ከዚያ ሁለታችንም የማሾ ዋጋ አወራን።

መጋቢት 10

መሪማ በባጃጅ ነጂ ሳንቡሳ ላከችልኝ፤ ገና ትኩስ። ከእሱ ጋር መልእክት፦ «መስኮቴ ቦታው ተመልሷል፤ አያ አያስቡ።» ይህች ሴት ያላት ያ መስኮትና ያች ግማሽ ጥማድ መሬት ነው። ሳንቡሳው ሰባት ነበር። ሦስቱን ለበላይ ላኩለት፤ የሥጋ መሆኑን ረስቼ። መልሶ ላከው፣ «ጾሜን ልታስፈታኝ ነው አንተ ሽፍታ» እያለ። ሦስቱንም ራሴ በላሁ። ጌታ ሆይ፣ ብቻዬን ነኝ ስል አታምነኝ።

ውሳኔው ገና ነው። ነኢማን ቢከሱስ? ቃለ ጉባኤው ላይ የእኔ ስም ቀድሞ ይጻፍ ብል ይሆን ነበር? ማን ያውቃል። ሞገስን በስልክ ልጠይቀው ብዬ ተውኩት። ሰውየው በቂ ደግነት አድርጓል፤ መነዝነዝ አይገባም።

መጋቢት 14

በማታው የተራዊሕ ሰላት ላይ ኢማሙ ስለ ኩራት ተናገረ። ሁሉም ሰው እኔን አየ መሰለኝ። ማንም አላየኝም።

መጋቢት 18፣ ሐሙስ

ዒድ ሦስት ቀን ሲቀረው ደብዳቤው መጣ። ያው መልእክተኛ፣ ያው መዝገብ። ፈረምኩ። በነኢማ ስም ነው፣ እንደታሸገ።

በፀሐይ ፊት ይዤው ቆምኩ። ላለመዋሸት፣ ትንሽ አየሁት። ከዚያ መጋዘኑን ቆልፌ ቁልፉን ለበላይ ሰጠሁት። በላይ ቁልፉን ሲቀበል ጢሜን አየ፣ እጄን አየ፣ «ታመሃል?» አለኝ። «ወልድያ ነው የምሄደው» አልኩት። ቁልፉ ከአንገቴ ሲወርድ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ሚኒባስ ላይ ከጎኔ የተቀመጠ ልጅ «አባቴ፣ ደብዳቤውን ላንብብልዎ?» አለኝ። ጥሩ ልጅ ነው፤ አላህ ያሳድገው። «አንባቢ አለኝ» አልኩት።

የናጅዋ ቤት ስደርስ ዙሁር ተሰግዶ ነበር። ናጅዋ በሩን ከፍታ «ውይ አብዱልሐሊም፣ በጾም በዚህ ሐሩር!» ብላ ልታስገባኝ ስትል «እዚሁ ይሻለኛል፤ ነኢማን ጥሪልኝ» አልኳት። ጎረቤቶቿ ግቢው ውስጥ የዒድ ልብስ ያሰጣሉ። ነኢማ ወጣች። ከስታለች፤ ወይም እኔ ነኝ በደንብ አይቻት የማላውቅ።

«ዛሬ ነው የመጣው» አልኳት። «ከመጣ ሦስት ሰዓት ቢሆነው ነው። አልከፈትኩትም።»

ተቀበለችኝ። ልትቀደው ስትል፣ «ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ» አልኳት። «እኔ እንዲህ ያለውን ማንበብ አልችልም።»

ግቢው ውስጥ የነበሩት ሴቶች እጃቸው ላይ ያለውን ልብስ እንደያዙ ቆሙ። ናጅዋ ሻሿን አፏ ላይ አደረገች። ነኢማ ግን ወደ ማንም ሳታይ ወረቀቱን ዘረጋችው። አነበበች፤ ቀስ ብላ፣ አንድ ቃል ሳትዘል። የሦስት ሺሕ ዘጠኝ መቶው ጆንያ ቀረጥ እንዲመለስ ተወስኗል። የስድስት መቶው አይመለስም፤ ለጎደሉት ሃያ ስድስቱ መቀጫ ይከፈላል። መግለጫው የተሳሳተው አሠራር ባለማወቅ እንጂ ለማታለል አለመሆኑ በቆጠራና በሕዝብ ምስክርነት ስለተረጋገጠ፣ ባለፈቃዷ ነኢማ አብዱልሐሊም በሕግ ከመጠየቅ ነጻ ናት።

ናጅዋ እልልታውን ለቀቀችው። ሴቶቹ ተቀበሏት። እኔ አልተነቃነቅኩም። ሁሪያ ወረቀት ስታነብልኝ ሁልጊዜ በሹክሹክታ ነበር፤ ሰው እንዳይሰማ እኔው ነበርኩ እንዲያ ያስለመድኳት። ይህን ድምፅ እንዲህ ሙሉውን፣ በአደባባይ፣ ለእኔ ሲነበብ ሰምቼው አላውቅም።

ነኢማ ወረቀቱን አጥፋ ዓይኖቿን ጠረገች። «በቃ አባ፣ አለቀ» አለችኝ።

«ደግመሽ አንብቢው» አልኳት።

«አልሰማኸኝም?»

«ሰምቻለሁ» አልኳት። «ደግመሽ አንብቢው።»

የበሩ ደፍ ላይ ተቀምጣ አጠገቧ ቦታ አደረገችልኝ። ተቀመጥኩ። ከመጀመሪያው ጀመረችልኝ።